ወደ አሮጌው መንገድ የዞረ በር

ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከንጋቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ደረስን። እናቴ የያዘችው አንድ ዘንቢል ብቻ ነው፤ ውስጡ ዕጣን፣ ጧፍና ለንስሐ አባት የተገዛ ጋቢ አለ። ሌላውን ዕቃ እኔ ተሸክሜያለሁ። የምንሄደው ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ወርቅ ነው፤ ለእምዬ ሙት ዓመት።

እምዬ የእናቴ እናት ናት። ቆብ ከደፋች ወዲህ ከተማው ሁሉ «እማሆይ» እያለ ይጠራት ነበር፤ ለእኛ ለልጅ ልጆቿ ግን እስከ መጨረሻው እምዬ ነበረች። ያረፈችው ዓምና ጥር 20 ቀን፣ ለአስተርእዮ ማርያም አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። እኔ ያን ጊዜ አራስ ነበርኩ። ከቤት የሚያወጣኝ ሰው አልነበረም፤ ቀብሯ ላይ አልቆምኩም፣ አፈሯንም አላየሁም። ዘንድሮ ልጄን ለአባቱና ለአማቴ ትቼ ወጣሁ፤ ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ልቅሶ ይዤ።

እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ሜዳ ስንደርስ ጎህ ቀደደ። ጥር የሠርግ ወር ነውና ገና በማለዳው አበባ የታሰረላቸው መኪኖች ተከታትለው አለፉን፤ ተሳፋሪው አጨበጨበላቸው። ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ላይ ግን ጨዋታው ሁሉ ቆመ፤ ሰው በየመቀመጫው አማተበ፤ ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ጎሐ ጽዮን ቁርስ በልተን ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ጀመርን።

ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከደጋው ብርድ ተነሥቶ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ቆላ ያስገባል፤ ጋቢ የደረበ ሁሉ መግፈፍ ይጀምራል። እምዬ ይህን ቁልቁለት ስታቋርጥ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ በጣቶቿ አንጓ እየቆጠረች አርባ አንድ እግዚኦታ ታደርስ ነበር። ሲያልቅ እንደገና ከአንድ። ዓይኗን የምትገልጠው ደጀን ስትደርስ ነው።

በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግረን፣ አሮጌውን ድልድይ በጎን እያየን ዳገቱን ስንጀምር የአውቶቡሱ ራዲያተር ፈላ። ሁላችንም ወረድን። ሾፌሩና ረዳቱ ውኃ ፍለጋ ሲሄዱ እኔና እናቴ ከአንድ ድንጋይ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

«እምዬ ዓባይን ስንት ጊዜ ተሻገረች?» አልኳት።

«ሦስት ጊዜ። አንተን ስወልድ፣ አንቺን ስወልድ፤» አለች፤ ወንድሜ አብሮን ያለ ይመስል። ቀጥላ ዝም አለች። ሦስተኛው የቱ እንደሆነ የምታውቅ ሰው ዝምታ ነበር። ወንዙን ቁልቁል እያየች ነገረችኝ።

ሦስተኛው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ በወደቀ በወሩ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔ በፎቶግራፍ ብቻ የማውቀው አጎቴ፣ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ሠራዊቱ ሲበተን እምዬ ስንቅ ቋጥራ አዲስ አበባ መጣች፤ የተበተኑት ወታደሮች የተሰበሰቡበትን ካምፕ እየጠየቀች ከእናቴ ጋር ለሦስት ሳምንት ዞረች። በየአጥሩ ሥር ቆማ ስሙን ትጣራ ነበር። ለልጇ ያዘጋጀችውን ዳቦ ቆሎ እጁን በአጥር ላወጣላት ሁሉ አድላ ጨረሰችና ባዶ ከረጢቷን አጣጥፋ ተመለሰች። «ስትሄድ አላለቀሰችም፤» አለችኝ እናቴ፤ «መርዶ ስላልመጣ ማልቀስ ሟርት ነው ብላ።»

ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ዓመት ነው። ይህን ታሪክ ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በቤታችን የዚያ አጎቴ ነገር የተከለከለ አልነበረም፤ ነገር ግን በሞተና ባልሞተ መካከል ያለ ሰው የሚነገርበት ቋንቋ አልነበረንም።

ቢቸና የገባነው ሲመሽ ነው። ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄድ መኪና አጥተን አንዲት ትንሽ ሆቴል አደርን። እናቴ ከመተኛቷ በፊት በመስኮት ጨለማውን እያየች፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የዚህ አገር ገበሬ እንዴት እንደሸፈተ፣ መንግሥትም አውሮፕላን ልኮ እንደደበደበው አጫወተችኝ። እምዬ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ እናቴን በአንቀልባ አዝላ ወንዝ ዳር ካለ ዋሻ ገብታ ሁለት ቀን ቆይታለች። የበላችው ጥሬ ሽምብራ ነው። «እኔ ምንም አላስታውስም፤ ጀርባዋን ብቻ ሳይሆን አይቀርም የማውቀው፤» አለች።

እሑድ፣ ጥር 19 ቀን

ጠዋት በሚኒባስ ተሳፈርን። በስተግራ የጮቄ ተራራ በጭጋግ ውስጥ ይታያል፤ በቀኝም በግራም የተወቃ ጤፍ፣ የጭድ ክምር፣ ባዶ አውድማ። ጎጃም በጥር ወር የደከመ ግን የጠገበ ሰው ይመስላል።

ደብረ ወርቅ ከሩቅ የምትታወቀው በኮረብታዋ ነው። ከአናቱ ላይ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የሚባለው የእመቤታችን ሥዕል ያለባት ጥንታዊት ገዳም። ከተማይቱ ከሥሯ ተሰብስባለች። እምዬ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ እዚህ ተወለደች፣ እዚህ ተዳረች፣ እዚህ ስድስት ወልዳ የሟች እኅቷን ሁለት ልጆች ጨምራ ስምንት አሳደገች። ባሏ ቀድሟት ከሞተ በኋላ ቤቱን የያዘችው በፈትልና በጠላ ነው። ጥጡን አባዝታ፣ ፈትላ፣ ልቃቂቱን ለሸማኔ ታደርሳለች፤ ለገበያ ቀን ጠላ ትጠምቃለች። እኔ የለበስኩት የመጀመሪያ ጋቢ የእሷ ፈትል ነው። ዛሬም አለኝ።

ሰፈሩ ተለውጧል። አዲስ መንገድ ወጥቶ ቤቱ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ አዙሯል፤ በሩ በቀለም ያማረ፣ አንዳንዱም ሱቅ የከፈተበት። የእምዬ ግቢ ብቻ በሩ ከጓሮ በኩል፣ ወደ አሮጌው መንገድ ነው። ወደዚያ ለመግባት የጎረቤቶቿን አጥር ዙሮ በቀጭን መተላለፊያ መሄድ ያስፈልጋል። ሕፃን ሆኜ ክረምቱን እዚህ ሳሳልፍ በሩ እንዲህ የተለየ አልነበረም፤ ያኔ ሁሉም ወደዚያው ነበርና።

ግቢው በሴት ተሞልቷል። ዳሱ ተጥሏል፤ ጋኖቹ በሰልፍ ቆመዋል፤ ሦስት ምጣድ ተጥዶ እንጀራ ይጋገራል። አንዲት ልጅ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሳለች። እኔም ነጠላዬን አሸርጬ ገባሁ። ጎኔ ሽንኩርት የሚልጡት እናት የእምዬ ጎረቤትና የማኅበር እኅት ነበሩ፤ በየወሩ በ21 የማርያምን ጽዋ አብረው ከአርባ ዓመት በላይ ጠጥተዋል።

«እማሆይ ማንበብ አትችልም፤ ግን ቀን አትስትም፤» አሉኝ። «ልደታ በአንድ፣ በዓታ በሦስት፣ ሚካኤል በአሥራ ሁለት፣ ኪዳነ ምሕረት በአሥራ ስድስት። የማን ልጅ በየትኛው በዓል እንደተወለደ፣ ማን ለማን ስንት ቁና ጤፍ እንዳበደረ፣ የማን ሰባት ዓመት መቼ እንደሚደርስ እሷን ነው የምንጠይቅ። አሁን እርስ በርሳችን እንጣላለን።»

የበሩን ነገር ጠየቅኋቸው። ሽንኩርቱን አስቀመጡና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። አዲሱ መንገድ ሲወጣ ልጆቿ በሩን እናዙርልሽ ብለዋት ነበር፤ ቆርቆሮም ተገዝቶ ነበር። እምቢ አለች። «የሄደው በዚህ ነው፤ ሲመለስ ግድግዳ ቢያገኝ ምን ይላል?» አለች። ሌሊትም አትቀረቅረውም ነበር፤ ገርበብ አድርጋው ትተኛለች። ሌባም ጅብም እያለ።

ከዚያ እኒህ እናት፣ እጃቸው ወደ ሽንኩርቱ ሳይመለስ፣ ዓምና በቀብሯ ቀን ያወረዱትን ሙሾ በለሆሳስ አሉልኝ፦

መርዶ ሳይመጣላት ልጇን ስትጠባበቅ፣
በሩንም ሳትዘጋ መሸባት ደብረ ወርቅ።

ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ልቅሶ ያን ጊዜ ወረደ። ማንም ዝም በይ አላለኝም፤ ሴቶቹ እየጋገሩ አብረውኝ አለቀሱ።

ማታ በወንዶቹ በኩል ክርክር ነበር። ታላቁ አጎቴ ሁለት በሬ ገዝቷል፤ ከአረብ አገር ያለችው የአክስቴ ልጅም ለሦስተኛ የሚሆን ገንዘብ ልካለች። እምዬ ግን በሕይወቷ ሳለች ለንስሐ አባቷ ተናግራ ነበር፤ ተበድራችሁ አትደግሱ፣ ተማሪና ድሃ ይብላልኝ፣ ይበቃኛል ብላ። አጎቴ «እሷ እንዲህ ትበል እንጂ እኛን ሰው ምን ይለናል?» አለ። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ለእናቱ የሚያደርግላት የቀረው ይህ ብቻ ነው። ነገር ግን ለተዝካር ተበድረው በሬያቸውን የሸጡ፣ ከዚያ እርሻቸውን ለእኩል የሰጡ ሰዎች በዚህች ከተማ በየሰፈሩ አሉ፤ እምዬ እንዲህ ያለውን ቤት በእጇ ዱቄት ስትደግፍ ኖራለች። በመጨረሻ ሦስተኛው በሬ ቀረ። የተላከው ገንዘብ እህል ተገዝቶበት ለአብነት ተማሪዎች እንዲሰጥ ተስማሙ። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ሰምታ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ «እምዬ ዛሬ ትተኛለች» አለች።

ሰኞ፣ ጥር 20 ቀን

ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥተን ወደ ኮረብታው ወጣን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከቅዳሴው በኋላ ካህናቱ መቃብሯ ላይ ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ። አፈሩ ደርቆ ሣር ወጥቶበታል፤ ከራስጌው ድንጋይ አለ፤ ስም የለበትም። ተንበርክኬ ድንጋዩን ሳምኩት።

ክርስትና ስሟን በሕይወቷ ሳለች አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ካህኑ «ነፍሰ አመትከ» ብለው ሲጠሩት ነው የሰማሁት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ለእኔ ይቆይ።

ቀጥለው ካህኑ ትንፋሽ ወሰዱና «ወነፍሰ ገብርከ» አሉ።

ግእዝ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ያውቃል፤ «አመትከ» ለሴት ነው፣ «ገብርከ» ለወንድ። አንድ የወንድ ክርስትና ስም ተጠራ። እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ። ታላቁ አጎቴ ቀና ብሎ ካህኑን አየ። ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ ሁልጊዜ ከእሷ ስም ቀጥሎ። በሦስተኛው እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተለቀሰው ልቅሶ በዚያ ጠዋት በእናቱ መቃብር ላይ ተለቀሰ።

ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ ንስሐ አባቷ፣ አረጋዊ መነኩሴ ናቸው፣ በግቢው ካለ ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር አስቀመጡን።

«ልጆቼ፣ ሳልነግራችሁ በማድረጌ ይቅር በሉኝ፤ ቃል አስገብታኝ ነው፤» አሉ። «በየዓመቱ ስሙን ታመጣልኝ ነበር። አባቴ፣ ከሕያዋን ጋር አስቡልኝ ትላለች። እኔም ከሕያዋን ጋር አስበዋለሁ። እንዲህ ስንል ሠላሳ ዓመት። ዓምና ልታርፍ ስትል ተጠርቼ ሄድኩ። ‹እኔ ከሄድኩ ወዲያ በሩ ላይ የሚጠብቀው የለም፤ ከእኔ ጋር ይጠራ› አለችኝ። እሺ አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና ‹ግን በአርባዬ አይሁን፣ በሰማንያዬም አይሁን፤ በሙት ዓመቴ ይሁን። አንድ ዓመት ደግሞ ከሕያዋን ጋር ይቆይ› አለች።»

ማንም አልተናገረም። እኔ ስለ እምነት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ይህችን አንድ ዓመት ግን ከየትኛው ስብከት አጠገብ እንደማስቀምጣት አላውቅም።

በቤት ዳሱ ሞላ። የአብነት ተማሪዎች ለምዳቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው መጡ፤ መጀመሪያ የበሉት እነሱ ናቸው። እምዬ የቆሎ ተማሪ በሯ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በድምፁ ማንነቱን ትለየው ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም ማዶ ዋሸራ፤ ይህ አገር የቅኔ አገር ነውና ተማሪ ከየአውራጃው ይጎርፋል፤ የሚኖረውም እንደ እምዬ ባሉ ሴቶች ደጅ ነው። ስለ ሊቃውንቱ የሚነግረን ሰው ሞልቷል፤ እንጀራውን ስለጋገሩት ሴቶች ግን ማን ይንገረን?

ከመጡት መካከል አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ከሩቅ አገር ጉባኤያቸውን ትተው ሁለት ቀን ተጉዘው ነው። በተማሪነታቸው ዘመን በዚህ ደጅ ለምነዋል። «እኔ እኮ የእማሆይ ደብዳቤ አንባቢ ነበርኩ» አሉኝ። የአጎቴ ደብዳቤ ሲመጣ እሳቸው ያነቡላት ነበር፤ እራት አብልታ፣ እግራቸውን አሳጥባ፣ ከዚያ ደብዳቤውን ከመሶቡ ሥር ታወጣለች። የመጨረሻው የመጣው በየካቲት 1980 ዓ.ም. ከኤርትራ ግንባር፣ ከናደው ዕዝ ነው። ስንት ጊዜ እንዳነበቡላት መሪጌታው ራሳቸው አያውቁትም፤ በቃላቸው ይዘውታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙልኝ፤ ቅኔ እንደሚዘርፍ ሰው ሳይሆን እንደ ልጅ፣ ቀስ ብለው። ሰላምታው፣ የጤናው፣ የላክሽው በሶ ደረሰኝ፣ ለእኅቶቼ ለየራሳቸው ሰላም በይልኝ። መጨረሻው እንዲህ ነበር፦ «ፈቃድ ካገኘሁ ለፋሲካ እመጣለሁ። መኪና ካመሸብኝ ሌሊትም ቢሆን እገባለሁና በሩ ሲንኳኳ እንዳትደነግጪ።»

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። ፋሲካ ሚያዝያ 2 ቀን ነበር።

ያን ዘመን የሚያስታውሱት የከተማው ሰዎች ማለዳ በር ሲንኳኳ ሁሉም ቤት ይርድ እንደነበር ይናገራሉ፤ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነውና። እምዬ ሳይንኳኳ እንዲከፈት ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። ለእኛ የጽናት ምልክት መስሎ የታየን በር ለእሷ ምልክት አልነበረም። ልጇ ጻፈ፤ እሷም እንደጻፈው አደረገች።

ማክሰኞ፣ ጥር 21 ቀን

አስተርእዮ ማርያም። እመቤታችን በ64 ዓመቷ ያረፈችበት በዓል። ኮረብታው በነጭ ልብስ ተሸፈነ፤ ከየገጠሩ ሌሊቱን የተጓዘ ሕዝብ እየዘመረ ይወጣል። የካህናቱ ወረብ፣ የከበሮው ድምፅ፣ የሴቶቹ እልልታ ተቀላቅሎ ከተማው ድረስ ይሰማል። እምዬ በዚህ ቀን ልብሷን በዋዜማው አጥባ፣ ምንም ሳትቀምስ የምትወጣበትን ዳገት እኔ ቆሜ ቆሜ ወጣሁት። ስለትም ነበረባት፤ አንድ ጥላና ጧፍ። ስለቱ ስለ ማን እንደነበር አሁን ማንም አይጠይቅም። እናቴ አስገባችላት።

ከሰዓት በኋላ የማርያም ማኅበርተኞች ጽዋውን ይዘው መጡ። የእምዬን ቦታ ማን ይውሰድ ተባለና ቤቱን የያዘችው ታናሿ አክስቴ ተነሥታ ተቀበለች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚቀጥለው ወር ተራ የእሷ ነው።

ማታ ቤተሰቡ ለብቻው ሲቀር ታላቁ አጎቴ «እንግዲህ በሩን ወደ አዲሱ መንገድ ብናዞረውስ?» አለ። በክፋት አይደለም። ቆርቆሮው እስካሁን ጎተራው ጀርባ ተቀምጧል፤ አክስቴም ጠላ መሸጫ ቢኖራት ይጠቅማታል። ሁሉም ወደ እናቴ አየ። እናቴ ወንድሟን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና «በዚያ በኩል ሌላ በር አውጡ። ይኼኛው ግን ይቆይ፤» አለች።

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ረቡዕ፣ ጥር 22 ቀን

የቢቸናው ሚኒባስ የሚነሣው ጎህ ሳይቀድ ነው። አክስቴ ስንቅ ቋጥራልናለች፤ ረቡዕ ነውና ቆሎና የጾም እንጀራ ፍርፍር። የእምዬን እንዝርት ለእኔ ሰጠችኝ፤ ባዘቶ ገና አለበት።

በጨለማ ወደ በሩ ሄድን። ገርበብ ብሎ ነው ያደረው፤ አክስቴም እንደ እናቷ አትቀረቅረውም። መቀርቀሪያው በግድግዳው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አቧራ ጠጥቶ፣ ሸረሪት አድርቶበት። እናቴ አወረደችው፤ በእጇ መዘነችው፤ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት። ከዚያ መልሳ እዚያው ሚስማር ላይ ሰቀለችውና በአሮጌው መንገድ ቀድማኝ ወጣች።